ጅማ ላይ ሥራ ስታመለክቱ ፋይላችሁን የሚጥሉ ስህተቶች

የሥራ ማመልከቻ ሲመረመር አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ የእያንዳንዱን አመልካች ችሎታ የሚመዝን ይመስለዋል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ግን ሌላ ነው። የሰው ኃይል ባለሙያው ፊት አንድ ሰንጠረዥ አለ። በአንድ በኩል የአመልካቾች ስም ይደረደራል፤ በሌላው በኩል ማስታወቂያው ላይ የተጻፉት መስፈርቶች፣ ማለትም የትምህርት ደረጃ፣ የትምህርት ዓይነት፣ የሥራ ልምድ፣ የብቃት ማረጋገጫና መታወቂያ። ፋይሉ ይገለጣል፤ ማስረጃው ካለ «አለ»፣ ከሌለ «የለም» ተብሎ ይሞላል። አንድ «የለም» ያለበት ፋይል ወደ ጎን ይቀመጣል። ፈተናው፣ ቃለ መጠይቁ፣ ችሎታ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሥራ የምንሠራ ሰዎችን ሁሌም የሚቆጨን፣ ወደ ጎን ከሚቀመጡት ብዙዎቹ መስፈርቱን በእውነት የሚያሟሉ መሆናቸው ነው። ልምዱ አላቸው፣ ትምህርቱም አላቸው፤ ወረቀቱ ቤታቸው ነው፣ ወይም ፋይሉ ውስጥ ቢኖርም የሚነበብ አይደለም። «ሰው ያለው ነው የሚገባው፣ የኛን ማን ያነበዋል» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ለይስሙላ የሚያስገባም አለ። አድልዎ የለም አልልም። ነገር ግን መስፈርቱን ያሟላ ንጹሕ ፋይል መጣል አድልዎ ለሚፈልግ ሰውም ቀላል አይደለም፤ ቅሬታ ሲቀርብ መልስ ያስፈልገዋል። ለጎደለ ፋይል ግን ምክንያት መፈለግ እንኳ አያሻም። ዘመድ የሌለው አመልካች ከማንም በላይ ለወረቀቱ መጠንቀቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ማስታወቂያውን ሙሉውን አንብቡ

አሁን አሁን አብዛኛው ሰው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያየው በቴሌግራም ነው። የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ከጋዜጣ ወይም ከሰሌዳ ላይ በስልክ የተነሳ ፎቶ ስለሆነ ከላይ የወጣበት ቀን፣ ከታች ደግሞ «ማሳሰቢያ» የሚለው ክፍል ተቆርጦ ይቀራል። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ማሳሰቢያ ላይ ነው፦ የሥራ ቦታው የት እንደሆነ፣ ማመልከቻው በአካል ነው ወይስ በኢሜይል፣ የግል ድርጅት ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት ወይስ የለበትም። ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን እንደ ጥቆማ ያዙትና ሙሉውን ከጋዜጣው፣ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ወይም በር ላይ ካለው ሰሌዳ አንብቡ።

ቀን አቆጣጠሩ ብዙ ሰው ያስቀራል። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለውን እንውሰድ። ማስታወቂያው ሐሙስ ከወጣ ሐሙስ ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ቅዳሜ የማይሠራ መሥሪያ ቤት ከሆነ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቀን የሚቀጥለው ዓርብ ነው። ቅዳሜን እንደ ሥራ ቀን የሚቆጥር የግል ድርጅት ከሆነ ግን ሐሙስ ላይ ያልቃል። ቆጠራው የሚጀምረው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው፤ እናንተ ያያችሁበት ቀን አይቆጠርም። መሃል ላይ በዓል ከዋለ ደውላችሁ አጣሩ። ከሰቃ፣ ከዴዶ ወይም ከጌራ የሚመጣ ሰው ደግሞ የመጨረሻውን ቀን ባይጠብቅ ይሻለዋል። ክረምት ላይ መንገዱ አይታመንም፤ አንድ ወረቀት ጎድሎ «ነገ ይዘህ ና» ቢባል ነገ የሚባል ቀን መቅረት የለበትም።

ከዚያ መስፈርቱን በመስመር ከፋፍላችሁ አንብቡት። ለምሳሌ አንድ የቡና እጠባ ጣቢያ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲፈልግ እንዲህ ይላል፦ «ዲፕሎማ ወይም ሌቭል 4 በሰፕላይ ማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ፤ 2 ዓመት አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ፤ የሥራ ቦታ ሊሙ፤ ተያዥ ማቅረብ የሚችል።» እዚህ ውስጥ ለየብቻ የሚታዩ አምስት ነገሮች አሉ። ሌቭል 4 የሚል ሰው የኮሌጁ ዲፕሎማ ብቻውን አይበቃውም፤ የሲኦሲ የብቃት ማረጋገጫ ሰርተፊኬቱም አብሮ ይታያል። «በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ» በሚለው የምትገቡ ከሆነ ስቱደንት ኮፒያችሁን ማያያዝ ግዴታችሁ ነው፤ የትምህርታችሁ ስም ቢለያይም የወሰዳችኋቸው ኮርሶች ይመሳሰሉ እንደሆነ የሚታየው በሱ ላይ ብቻ ነው። ማመልከቻው ላይም «በሥልጠናዬ የንብረት አያያዝና የግዥ ኮርሶችን ወስጃለሁ፤ ስቱደንት ኮፒው ላይ ይታያል» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። የሚመረምረው ሰው እንዲያ ካላሳያችሁት በስተቀር ራሱ አይፈልግላችሁም። «አግባብነት ያለው» ማለት ደግሞ ከመደቡ ጋር የሚዛመድ ማለት ነው። በሽያጭ የሠራችሁት ሁለት ዓመት ለንብረት ክፍል ላይቆጠር ይችላል፤ ሱቁ ውስጥ ዕቃ ተረክባችሁ በስቶክ ካርድ፣ ማለትም የዕቃ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ፣ ታስተዳድሩ ከነበረ ግን የልምድ ደብዳቤው ይህንኑ መናገር አለበት። የሥራ ቦታውንም ልብ በሉት። ጅማ የሚሠራ መስሏቸው ተወዳድረው፣ አልፈው፣ ሊሙ ሲባሉ የሚተዉት ሰዎች ራሳቸውንም ተጠባባቂውንም ያጉላላሉ።

የስም ነገር

ጅማ ላይ ከሌላው ከተማ ይልቅ ይህ ጎልቶ ይታያል። የቀበሌ መታወቂያው በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ተጽፏል፤ ዲግሪው በእንግሊዝኛ፣ የልምድ ደብዳቤው በአማርኛ። ጥላሁን በቁቤ ሲጻፍ በኤክስ ይጀምራል፣ ዲግሪው ላይ በቲ። ጫላ በቁቤ በሲ ብቻ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲኤች። ይህን ልዩነት የአካባቢው መሥሪያ ቤት ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ያለ ዋና መሥሪያ ቤት ፋይሉን ሲያይ ግን የሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ስሙ ራሱ ሲለያይ ነው፦ አንዱ ላይ መሐመድ፣ ሌላው ላይ ሙሐመድ፤ 12ኛ ክፍል ላይ የአያት ስም አለ፣ ዲግሪው ላይ የለም።

ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት የ8ኛ፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ ቴምፖራሪ ወይም ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ መታወቂያና የልምድ ደብዳቤ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የፊደል ልዩነት ካለ ወረቀቱን የሰጠውን ተቋም እንዲያስተካክል ጠይቁ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን በፍርድ ቤት ማስወሰን ሊያስፈልግ ይችላል። ያ ጊዜ ስለሚወስድ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ አይደረስበትም። የፋይዳ ምዝገባ ገና ያላደረጋችሁ ደግሞ ስትመዘገቡ ስማችሁ በዲግሪያችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን ስክሪኑ ላይ አይታችሁ አረጋግጡ።

ስለ ትምህርት ማስረጃው ሁለት ነገር ልጨምር። የወጪ መጋራት ክፍያ ባለማለቁ ዋናው ዲግሪ እጃችሁ ካልገባ ቴምፖራሪውን ከነስቱደንት ኮፒው አቅርቡ፤ ሁለቱ ተነጣጥለው ሲመጡ ጥያቄ ያስነሳል። በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የመውጫ ፈተና ወዲህ የተመረቃችሁ ከሆነ የፈተናውን ውጤት የሚያሳየውን ወረቀትም አያይዙ፤ ማስታወቂያው ባይጠቅሰውም ብዙ ቀጣሪ ይጠይቃል።

ቋንቋ

የጅማ ከተማም ሆነ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ማመልከቻውም፣ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ፈተናውም በቁቤ ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ ባንኮቹና ሌሎች የፌዴራል ተቋማት በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይቀበላሉ። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሲቪና ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይፈልጋሉ፤ ለመስክ ሥራ ደግሞ አፋን ኦሮሞ መናገር ብዙ ጊዜ መስፈርት ነው። የምትናገሩ ከሆነ ሲቪው ላይ «መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። አፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱበት ሆኖ ሳለ ሲቪያቸው ላይ እንግሊዝኛና አማርኛን ብቻ የሚጽፉ ልጆች ብዙ ናቸው። ቋንቋው ለነሱ እንደ ችሎታ አይታያቸውም፤ ቀጣሪው ግን የሚፈልገው እሱን ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ

ከሁሉ በላይ ብዙ ፋይል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ተቀባይነት ያለው የልምድ ደብዳቤ የድርጅቱ አርማና አድራሻ ያለበት ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወጪ ቁጥርና ቀን አለው፤ ሙሉ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን ወር ዓመት፣ የወር ደመወዝ፣ ግብር መከፈሉ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ፊርማና ክብ ማኅተም ይኖሩታል። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ደርቦ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ደብዳቤውን መጣል ይቻላል።

ብዙ የሚጎድለው ቀኑ ነው። «ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. አገልግሏል» የሚል ደብዳቤ ምን ያህል ልምድ ነው? ከመስከረም 2014 እስከ ጳጉሜን 2016 ከሆነ 3 ዓመት ይሞላል። ከነሐሴ መጨረሻ 2014 እስከ መስከረም መጨረሻ 2016 ከሆነ ግን 1 ዓመት ከ1 ወር ነው። የሚመረምረው ሰው ለእናንተ የሚመቸውን ለመቁጠር መብት የለውም፤ የሚያስተማምነውን ትንሹን ይወስዳል፣ ወይም ጭራሽ አይቆጥረውም። «ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.» ቢባል ድፍን 2 ዓመት ሆኖ ያልፋል።

ሁለተኛው የካላንደር መደበላለቅ ነው። ሲቪው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ደብዳቤው በኢትዮጵያ። አንዳንዱ ደብዳቤ ራሱ «ከመስከረም 2013 እስከ ጁን 2022» ይላል። ጁን 2022 ሰኔ 2014 ነው፤ ስለዚህ ልምዱ ከ2 ዓመት ጥቂት ያነሰ ሆኖ ሳለ በችኮላ ለሚያየው ሰው 9 ዓመት ይመስላል፤ ሲጣራ ደግሞ ማጭበርበር ይመስላል። አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ቦታ እሱን ተጠቀሙ፣ አጠገቡም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ። ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨመራል። ሁሉንም በ8 የሚደምር ሰው የመስከረሙን ቀን በአንድ ዓመት ያዛባዋል።

ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ላይ «ከደመወዙ ላይ የሥራ ግብር እየተቆረጠ ለመንግሥት ገቢ ሲደረግ የቆየ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሌለ፣ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ባንክ አይቀበለውም። አንዳንዱ ከገቢዎች ማረጋገጫ እንዲመጣ ይጠይቃል። ደመወዛችሁ ግብር የማይደርስበት ከነበረ ደብዳቤው ያንኑ ይግለጽ፤ ዝም ማለቱ አይጠቅምም። በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ የተሠራ ሥራ እንደ አንድ ይቆጠራል። ለተማሪነት ጊዜ ልምምድና ከምረቃ በፊት ለተሠራ ሥራ ብዙ ቀጣሪ ልምድ አይቆጥርም፤ ለዲግሪ መደብ በተለይ። «2 ዓመት ከ3 ወር አለኝ» ብላችሁ ስታመለክቱ ከምረቃ በኋላ ያለውን ብቻ ለይታችሁ ደምሩ።

«ቀጣሪዬ ደብዳቤ አልሰጥም አለኝ» የሚል ብዙ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅም ሆነ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ፣ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። በቃል ጠይቃችሁ እንቢ ከተባላችሁ በጽሑፍ ጠይቁና የጥያቄያችሁን ኮፒ አስፈርማችሁ ያዙ፤ ካልሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማነጋገር ይቻላል። ሐሰተኛ ደብዳቤ ማሠራት ግን በፍጹም አይታሰብ። ከተቀጠራችሁ በኋላም ይጣራል፤ ሲገኝ ሥራው ይቀራል፣ ነገሩ ወደ ወንጀልም ይሄዳል።

ማመልከቻው

ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢና መርካቶ ውስጥ ያሉ ኮፒ ቤቶች ኮምፒውተራቸው ላይ የተዘጋጀ ማመልከቻ አላቸው። ስም ይቀየርና ይታተማል። ለዚህ ነው የአንድ ሳምንት ማመልከቻዎች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከነአንድ ዓይነት የፊደል ስህተቱ ይዘው የሚመጡት፤ ለባንክ የገባው ማመልከቻ አናት ላይ የሆቴል ስም ተጽፎ የሚገኘውም። እነሱ ጋ ይተየብ፣ ግን ጽሑፉን ራሳችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ከታተመ በኋላም ከመፈረማችሁ በፊት የተቀባዩን ስም፣ የመደቡን ስምና ቀኑን አንብቡ።

ጥሩ ማመልከቻ አንድ ገጽ አይሞላም። ከላይ በቀኝ ቀን፣ በግራ የተቀባዩ ሙሉ ስም፦ «ለ... ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፣ ጅማ»። «ጉዳዩ፦ በንብረት ክፍል ሠራተኛ የሥራ መደብ ለመወዳደር ስለማመልከት»። «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብቻ ከተባለ መዝገብ ቤቱ የትኛው መደብ ፋይል ውስጥ እንደሚያስገባው አያውቅም፤ ሦስት መደብ በአንድ ማስታወቂያ ሲወጣ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች ይባክናሉ። ቀጥሎ ማስታወቂያውን የት እንዳያችሁትና መቼ እንደወጣ፤ ከዚያ መስፈርቱን እንዴት እንደምታሟሉ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር፦ «በ2013 ዓ.ም. በሌቭል 4 ተመርቄ የብቃት ማረጋገጫ ይዣለሁ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በንብረት ክፍል ሠራተኛነት ሠርቻለሁ፤ ሊሙ ሄዶ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ።» መጨረሻ ላይ ያያዛችሁት ወረቀት ዓይነትና የገጽ ብዛት፣ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ።

«ችግሬን ተረድታችሁልኝ»፣ «ቤተሰቤን የምረዳ ስለሆንኩ» የሚለውን አውጡት። ችግሩ እውነት መሆኑን እናውቃለን፤ ኮሚቴው ግን ለችግር ነጥብ የሚሰጥበት ሰንጠረዥ የለውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ለልምዳችሁ የሚሆነውን ቦታ ይወስድባችኋል።

ሲቪ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ የመጨረሻው ሥራ መጀመሪያ ይምጣ። ኤክስል «በጣም ጥሩ» ብሎ የጻፈ ሰው ፈተና ላይ አንድ ዓምድ ደምር ተብሎ ካልቻለ የቀረው ሲቪው ሁሉ ይጠረጠራል። ምስክር ብላችሁ ስሙን የምትጽፉትን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ተደውሎለት «ማን ነው እሱ?» ማለቱ ይጎዳችኋል።

ማስገባት

በአካል ሲሆን «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን» ይባላል። ዋናው ተመሳክሮ እዚያው ይመለስላችኋል። «ተወው፣ ነገ ትወስዳለህ» ቢባል እንኳ ዋናውን ትታችሁ አትሂዱ። ዲግሪና መታወቂያ ሲገለበጥ ጀርባውም ይገልበጥ፤ ማኅተሙ ወይም የመታወቂያው ማብቂያ ቀን ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ከሆነ አስቀድማችሁ አሳድሱ። ጅማ ዝናቧ ስለማይታወቅ ወረቀቱን በፕላስቲክ ክላሰር ያዙ፤ የራሰ ማኅተም ይዘባረቃል፣ የተዘባረቀ ማኅተም ደግሞ አይነበብም። ማስገባታችሁን የሚያሳይ የመዝገብ ቁጥር ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

በኢሜይል ሲሆን ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉ፤ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ትምህርት፣ ልምድ፣ መታወቂያ በቅደም ተከተል። ስካነር ባይኖር የስልክ ስካን መተግበሪያ ይበቃል፤ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ፋይሉን በስማችሁና በመደቡ ስም ሰይሙት። የጎግል ድራይቭ ሊንክ የምትልኩ ከሆነ ማንም እንዲከፍተው መፍቀዳችሁን በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩ፤ ተዘግቶ የመጣ ሊንክ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅላችሁ ሰው የለም። በድረ ገጽ የሚሞላ ከሆነ የመጨረሻውን ምሽት አትጠብቁ፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ጉዳዩ አበቃ።

ከዚያስ?

መሥሪያ ቤቶች ለፈተና የተመረጡትን ሰዎች ስም ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ስልክ የሚደውል አለ፣ የማይደውልም አለ። ስልክ ብቻ ጠብቀው ፈተናው ያመለጣቸው ብዙ ናቸው። ማመልከቻ ከተዘጋ በኋላ ሰሌዳውን በየጊዜው እዩ፤ ሩቅ ከሆናችሁ ጅማ ያለ ሰው እንዲያይላችሁ ለምኑ። ስማችሁ ከሌለ ምክንያቱን ጠይቁ። ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው አጭር ስለሆነ በዚያው ሰሞን በጽሑፍ ነው መቅረብ ያለበት፤ «መስፈርቱን አሟላለሁ፣ በገጽ ይህን ያህል ላይ ይታያል» ብላችሁ። በእውነት በስህተት የተዘለለ ሰው በዚህ መንገድ ተመልሶ የገባበት ጊዜ አለ።

ማመልከቻው ላይ ሁለት ስልክ ጻፉ። ሁለተኛው ሁልጊዜ የሚከፈትና መልእክት የሚያደርስ ሰው ስልክ ይሁን። የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ። የተነገራችሁን ሰዓትም አረጋግጡ፦ «3:00» የሚል አጭር መልእክት ከዓለም አቀፍ ድርጅት ከመጣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት? «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ፈተና ላይ መታወቂያ፣ እስክሪብቶና የመዝገብ ቁጥራችሁን ያዙ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለራስህ ንገረን» ሲባል የትውልድ ቦታና የቤተሰብ ታሪክ አይደለም የሚፈለገው፤ የተማራችሁት፣ የሠራችሁት፣ ይህን ሥራ የምትችሉበት ምክንያት፣ በሁለት ደቂቃ። «ንብረት ቢጎድል ምን ታደርጋለህ?» ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ «ታማኝ ነኝ» ማለት መልስ አይሆንም። ከስቶክ ካርድ ጋር አመሳክራለሁ፣ የገቢና የወጪ ሰነዱን አያለሁ፣ ጉድለቱን በጽሑፍ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ ማለት መልስ ነው።

ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ክፍል፣ ለጥበቃና ለሾፌር ተያዥ ይጠየቃል። ካለፉ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ አምጡ ስለሚባል፣ ሳታመልክቱ በፊት ቋሚ ደመወዝ ያለውንና መሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ የሚጽፍለትን ሰው አነጋግሩ። ቀድሞ ለሌላ ሰው ተያዥ የሆነ ሰው ደብዳቤ ላይጻፍለት ይችላል። ሥራውን በፈተና አሸንፎ በተያዥ ማጣት የሚለቅ ሰው ማየት በጣም ያማል።

ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ቁሙ። ለፎርም፣ ለምዝገባ፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም እየተባለ በቴሌብር ላኩ የሚሉ ማስታወቂያዎች የፋብሪካና የባንክ ስም ይዘው ይዞራሉ። ሥራ የሚሰጥ ድርጅት ከአመልካች ገንዘብ አይሰበስብም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የሀገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛ ክፍያ መቀበል እንደሌለበት ይናገራል። በድርጅቱ በር ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ የመታወቂያ ፎቶም አትላኩ።

ደመወዝ ሲነገራችሁ ያልተጣራው ነው ወይስ የተጣራው ብላችሁ ጠይቁ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የግብር ምጣኔ 10,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ላይ 1,650 ብር ግብርና 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 700 ብር፣ ይቆረጣል፤ እጅ የሚገባው 7,650 ብር ነው። ከአጋሮ እየተመላለሰ ወይም ጅማ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያሰላ እሺ ማለት የለበትም።

ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ «አልፈሃል» በሚል ስልክ ብቻ አሁን ያላችሁበትን አትልቀቁ። የቅጥር ደብዳቤው እስኪደርሳችሁ ጠብቁ። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ 30 ቀን አስቀድሞ ማስታወቂያ መስጠት አለበት፤ ሳያሳውቅ የሄደ ሰው ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፣ ክሊራንስም፣ ማለትም ከቀድሞው ቀጣሪ ጋር የቀረበት ነገር እንደሌለ የሚያሳየው ወረቀት፣ ይቸግረዋል፤ አዲሱ ቀጣሪ ደግሞ ክሊራንስ ሳያይ አያስጀምርም። ስለዚህ አዲሱን ቀጣሪ «የአንድ ወር ማስታወቂያ አለብኝ» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፤ አብዛኛው ይጠብቃል። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፣ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና የውሉን ዘመን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት ይጠበቅበታል። እሱን ሥራ የጀመራችሁበት ቀን ተጽፎበት ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ነገ የልምድ ደብዳቤ ሲጻፍላችሁ የመጀመሪያው ቀን የሚወሰደው ከሱ ነው።